አምስት ብሩን ሳንቲም አድርጉትና ገላግሉን

ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ፣ የባንክ ባለሙያ የተባሉ እንግዳ የአምስት ብር ኖት በሳንቲም ይተካ የሚለውን ሐሳብ «ሕዝቡ ሳንቲም አይወድም፤ ኪስም ይቀድዳል» ብለው አጣጣሉት።

ኪስ ይቀድዳል! የአገር ገንዘብ የሚወሰነው በሱሪ ኪስ ጥንካሬ ከሆነማ፣ ብሔራዊ ባንክን ትተን ሐረር «መኪና ግርግር» በሚባለው የልብስ ሰፊዎች ሰፈር ያሉትን ሰፊዎች እናማክራ።

እኚህ ሰው ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ገብተው የሚያውቁ አይመስለኝም። ጫት ሻጯ ጫቷ እንዳይጠወልግ ውኃ ትረጫለች፤ በዚያው እርጥብ እጅ ትቀበላለች፣ በዚያው ትመልሳለች። በዚያ ላይ የድሬ ሙቀትና ላብ አለ። ኖቱ ይላላል፣ ይቀደዳል፣ በፕላስተር ይለጠፋል። ባጃጅ ነጂው መልስ አድርጎ ለተሳፋሪ ያሻግረዋል፤ ተሳፋሪው ሱቅ ይሞክራል፤ ባለሱቁ «ሌላ የለህም?» ብሎ ይመልስበታል። በመጨረሻ የሚቀረው ቲማቲም በመደብ የምትሸጥ እናት እጅ ነው፤ ደንበኛዋን ማስቀየም አትችልምና ትቀበላለች። ማታ ዕቃ ልታመጣ ስትሄድ አከፋፋዩ ያንኑ ኖት ይመልስባታል። «እናቴ፣ ባንክ ወስደሽ ቀይሪው» ይላታል። ለአምስት ብር ብላ ገበያዋን ዘግታ ሰልፍ ልትይዝ! ይህ ማንም ያላወጀው፣ ድሃ ብቻ የሚከፍለው ግብር ነው።

መስከረም 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ሲቀየሩ፣ የ200 ብርም ሲጨመር፣ አምስት ብር በአሮጌ መልኩ ቀረ። በየቀኑ ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወረው እርሱ ሆኖ ሳለ! 2002 የተጻፈበት ባለሁለት ቀለም የአንድ ብር ሳንቲም ግን ዛሬም ይሠራል፤ በፕላስተር የተጠገነ አንድም አላየሁም።

ሕዝቡ ሳንቲም አይወድም ስለሚባለውስ? የሐረር አሚሮች ማህለቅ የሚባል የራሳቸውን ሳንቲም ያስቀርጹ ነበር። በባቡር የምንገናኛት ጅቡቲም እስከ 500 ፍራንክ የሚደርስ ሳንቲም አላት፤ ያ ከሁለት ዶላር ተኩል በላይ ነው። ኪሱ ተቀዶ የተመለሰ የድሬ ነጋዴ ካለ ይምጣና ይመስክር።

ሳንቲም ማስቀረጽ መጀመሪያ ላይ ወጪው ከፍ ይላል፤ ይሁን። «ሁሉም በስልክ ይክፈል» የሚሉት ደግሞ ለአንድ መደብ ቲማቲም ኔትወርክ እየጠበቁ ፀሐይ ላይ ይቁሙ።

አንድ ነገር ብቻ ይታሰብበት፦ አዲሱ ሳንቲም ከአንድ ብሩ በመጠን ይለይ፣ ጠርዙም በጣት ይታወቅ፤ መሽቶ ባጃጅ ውስጥ መልስ ስንቀበል እንዳንታለል።