የሰፈራችንን መንገድ ፍጥነት እኛው እንለካ

አዲስ አበባ ውስጥ ዋናው መንገድ ሲዘጋጋ መኪናው ወደ ሰፈር ይገባል። ሥራ የረፈደበት ሰው፣ ቤቱ ለመድረስ የቸኮለ አባወራ፣ ደንበኛ የሚያጣድፈው ባለ ታክሲ፣ ሁሉም አቋራጩን ያውቁታል። ያ አቋራጭ ግን የሰው ደጃፍ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ጉሊት የሚቸረችሩ እናቶች ጥግ ይዘው ይቀመጡበታል። የእግረኛ መንገድ በብዙ ቦታ የለም። ካለም አሸዋና ድንጋይ ተደፍቶበታል። ሹፌሩ ዋናው መንገድ ላይ ያባከናትን አሥር ደቂቃ ለማካካስ ነዳጅ የሚሰጠው እዚህ ነው።

በከተማችን በትራፊክ አደጋ በየዓመቱ 400 ገደማ ሰው መሞት ከጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል። ከሟቾቹ አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። አደጋ ሲደርስ «ቀኑ ደርሶ ነው» እንላለን። ሐዘንተኛን ለማጽናናት ከሆነ አልቃወምም። ግን ነገሩ በሜትር የሚለካ ነው። የእንግሊዝ የመንጃ መመሪያ ለተማሪዎቹ እንደሚያስተምረው፣ በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ለመቆም 23 ሜትር ያህል ይፈልጋል። በ32 የሚሄደው 12 ሜትር ይበቃዋል። በመካከሉ ያለው 11 ሜትር ኳሷን ተከትሎ የሮጠው ልጅ የቆመበት ቦታ ነው። መንገዱ በክረምት ሲረጥብ፣ ፍሬኑም ያረጀ ሲሆን፣ ርቀቱ ከዚህም ይረዝማል።

እ.ኤ.አ. በ2020 ስቶክሆልም ላይ የተሰበሰቡ አገሮች ሰውና መኪና በሚቀላቀሉበት መንገድ ላይ ፍጥነቱ ከ30 እንዳይበልጥ በመግለጫቸው የጠየቁት ለዚህ ነው። የእኛ የውስጥ መንገዶች ደግሞ ሰውና መኪና የተቀላቀሉባቸው ብቻ አይደሉም፤ የተደባለቁባቸው ናቸው።

ታዲያ ማን ይቆጣጠር? ትራፊክ ፖሊስ በየመንደሩ ሊቆም አይችልም። ዋናውን አደባባይ ማስተናገድ ራሱ ቀኑን ይጨርስበታል። እኔ የምለው፣ ነዋሪው ራሱ ይቁም። ቅጣት ሳይጽፍ፣ መኪና ሳያስቆም፣ ከሹፌር ጋር ሳይጨቃጨቅ ቆሞ ፍጥነት ይለካ። ይመዝግብ። የመዘገበውንም ለሚመለከተው አካል ይስጥ።

ይህ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ «ኮሚዩኒቲ ስፒድ ዎች» (የነዋሪዎች የፍጥነት ክትትል) የሚባል አሠራር አለ። የሰፈር ሰዎች፣ ብዙዎቹ ጡረተኞች፣ አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሰው መንገድ ዳር ይቆማሉ። ፖሊስ ያሠለጥናቸዋል። የሚቆሙበትንም ቦታ አስቀድሞ አይቶ ያጸድቃል። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሆነው ነው የሚሠሩት። አንዱ የፍጥነት መለኪያውን ይይዛል፣ አንዱ ታርጋውንና የመኪናውን ዓይነት ይጠራል፣ አንዱ ይጽፋል። ዝርዝሩ ለፖሊስ ይደርሳል። ፖሊስ ከተሽከርካሪ መዝገብ ጋር አመሳክሮ ለባለ መኪናው ደብዳቤ ይልካል። «በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰፈር፣ በዚህ ፍጥነት ታይተሃል» የሚል ደብዳቤ ነው። ገንዘብ አያስከፍልም። ደጋግሞ የሚመዘገብ ሰው ግን ፖሊስ ደጁ ድረስ ሊመጣበት ይችላል። ከሚመዘገቡት መካከል የዚያው ሰፈር ነዋሪዎች መገኘታቸው እዚያ የተለመደ ነው። እዚህም ቢለካ ተመሳሳይ ነገር እንደሚታይ አልጠራጠርም። ሰፈር ውስጥ የሚያበርረው ሁልጊዜ ባዕድ አይደለም።

«ቅጣት ከሌለው ምን ዋጋ አለው?» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ ግን ትልቁ ጥንካሬው ይኸው ይመስለኛል። ቅጣት ባለበት ድርድር አለ። የሰፈር ወጣት እጅ ላይ የመቅጣት ሥልጣን ብናስቀምጥ በወሩ «ሻይ በላት» ይጀመራል። ሥልጣን የሌለው ሰው የሚሸጠው ነገር የለውም። ያለው ዓይን ነው። የእኛ ሰው ደግሞ ዓይን ይፈራል። ይሉኝታ የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ ሲጎዳን አይቻለሁ፤ እዚህ ቦታ ላይ ግን ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል። የኮሎምቢያዋ ቦጎታ ከንቲባ የነበሩት አንታናስ ሞከስ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ይህን ተረድተው ነበር። ሕግ የሚጥሱ ሹፌሮችንና እግረኞችን ሰው ፊት የሚያሳፍሩ፣ ድምፅ የማያሰሙ ተዋንያንን መንገድ ላይ አሰማሩ። ለነዋሪውም አውራ ጣት ወደ ላይና ወደ ታች የሚያሳይ ካርድ አደሉ። ሰው ጥሩ የነዳውን ያመሰግንበታል፣ ያጠፋውን ይገሥጽበታል።

እንዴት እንለካ? ራዳር ውድ ነው፤ ለመጀመር ግን አያስፈልግም። ቀጥ ባለ የሰፈር መንገድ ላይ 50 ሜትር ለኩና በሁለቱ ጫፍ በቀለም መስመር አስምሩ። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ያንን 50 ሜትር በ6 ሴኮንድ ነው የሚጨርሰው። በ3 ሴኮንድ ከጨረሰው 60 ላይ ነው ማለት ነው። አንድ ሰው መጀመሪያው መስመር ጋ ቆሞ የፊት ጎማው ሲነካው እጁን ይጥላል። ሁለተኛው ሰው መጨረሻው መስመር ጋ በስልኩ ሰዓት ይይዛል፣ ታርጋም ያነባል። ሦስተኛው ይጽፋል። የሰው እጅ ስለሚዘገይ ልዩነት መተው ያስፈልጋል። ስለዚህ ከ5 ሴኮንድ በታች የጨረሰው ብቻ ይመዝገብ። ያ ከ36 በላይ ነው፤ «ተሳስታችሁ ነው» የሚያሰኝ ክርክር ብዙም አይነሣበትም። እንዲህ ያለው ልኬት ለፍርድ ቤት ማስረጃ አይሆንም፤ እንዲሆንም አይፈለግም።

ደብዳቤ እኛ ጋ አይሠራም። ፖስታ ወደ ፖስታ ሣጥን እንጂ ወደ ቤት አይሄድም፤ ሣጥን ያለውም ስንቱ ነው? በስልክ አጭር መልእክት ይሻላል። መልእክቱም ለባለ ንብረቱ ቢላክ ጥሩ ነው። የሚኒባስ ሹፌር የሚጣደፈው ብዙ ጊዜ ማታ ለባለቤቱ የሚያስረክባትን የቀን ገቢ ለመሙላት ነው። መኪናውን አስቀጥሮ የሚያሠራው ሰው ንብረቱ በልጆች መካከል በምን ፍጥነት እንደምታልፍ ላያውቅ ይችላል። ይወቀው። ሲኖትራክ አሸዋና ጠጠር ይዞ ለሚያመላልሰው ድርጅትም እንዲሁ። ሲኖትራክ በሕዝቡ አፍ «ቀይ ሽብር» የሚል ስም የወጣለት ያለ ምክንያት አይደለም።

አሁን የሚከብደውን ላንሣ። እኛ አገር ጎረቤት ጎረቤቱን ሲመዘግብ ጥሩ ትዝታ የለንም። በደርግ ዘመን የቀበሌ አብዮት ጥበቃ ማን ገባ፣ ማን ወጣ እያለ ይከታተል ነበር። በጎረቤት ጥቆማ ሰው ታስሯል፤ ሰው ተገድሏል። ከዚያ በኋላም «ማን ለማን ያወራል» የሚለው ጥርጣሬ ከሰፈራችን አልወጣም። ስለዚህ አንድ አዛውንት «ደግሞ ልትመዘግቡን ነው?» ቢሉ ፍርሃታቸው እውነተኛ ነው፤ መልስ ይገባቸዋል።

መልሱ ሥራውን ፍጹም ግልጽ ማድረግ ነው። የሚቆሙት ሰዎች በሩቁ የሚታይ ልብስ ይልበሱ። መንገዱ መግቢያ ላይ «ፍጥነት እየተለካ ነው» የሚል ጽሑፍ ይቁም። የሚቆሙበት ቀንና ሰዓት አስቀድሞ ይለጠፍ። ሹፌሩ ጽሑፉን አይቶ ፍጥነቱን ከቀነሰ የተፈለገው ተገኘ፤ ማንም እንዲያዝ አይደለም የሚፈለገው። ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ታርጋ፣ ሰዓትና ሴኮንድ ብቻ ይሁን። መኪናው ውስጥ ማን ነበር፣ ከማን ጋር ነበር፣ ወዴት ሄደ የሚባል ነገር የለም። በዝግታ ያለፈ መኪና ታርጋ አይጻፍም። ወረቀቱ በዕለቱ ለሚመለከተው አካል ይሰጣል፤ ማንም ሰው ቤት ቅጂ አያድርም።

ፎቶና ቪዲዮ ጨርሶ አይነሣ። የአንድን ሰው ታርጋ ቴሌግራም ወይም ቲክቶክ ላይ ለጥፎ «እዩት» ማለት ቁጣን መልቀቅ ነው። መኪናውን ያን ቀን ማን እንደነዳው እንኳ አይታወቅም። ታርጋው የየትኛው ክልል ነው የሚለውም ወሬ እዚያ ቦታ መነሣት የለበትም። ሴኮንዱ ለሁሉም አንድ ነው። የወረዳ አመራር መኪናም ብትሆን፣ የዕድሩ ሊቀ መንበር ልጅም ቢሆን፣ ከ5 በታች ከሆነ ይጻፋል። አንድ ጊዜ አድልዎ ከታየ ሥራው ያልቅለታል።

ይህን ማን ይሥራው ከተባለ እኔ ዕድርን አስቀድማለሁ። ዕድር አባሎቹን ያውቃል፣ ይሰበሰባል፣ ቃለ ጉባኤ ይይዛል፣ ሰው ያምነዋል። በኤችአይቪ ክፉ ዘመን ብዙ ዕድሮች ከቀብር አልፈው ሕመምተኛ ሲያስታምሙ፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን ሲደግፉ አይተናል። ለቀብር ድንኳን የሚተክል ማኅበር ቀብሩ እንዳይመጣ ቢቆም ከዓላማው አልወጣም። ጡረታ የወጡ አባቶችና እናቶች የሰውን አክብሮት ይዘው ይቆማሉ። ወጣቶቹ ሰዓት ይይዛሉ። ትምህርት ቤት በር ላይ እኩዮቻቸውን የሚያሻግሩ ተማሪ ትራፊኮችን ለምደናል፤ በክረምት በጎ ፈቃድም መንገድ ላይ የሚቆሙ ወጣቶች አሉን። ሰዉ ለዚህ እንግዳ አይደለም።

የሚቆሙት ሰዎች ደኅንነት ግን ቀልድ አይደለም። እንግሊዝም ውስጥ የሚሰድባቸው፣ መስኮት ዝቅ አድርጎ የሚጮህባቸው ሹፌር አለ። ብቻውን ማንም አይቁም። አስፋልት ላይ ማንም አይውጣ። ለሚሳደብ መልስ አይሰጥም። ሲመሽ ሥራው ያበቃል። ለዚህ የፖሊስ ሥልጠና የግድ ነው። የትራፊክ ማኔጅመንት ባለሥልጣንና የአካባቢው ፖሊስ ሳያውቁት የሚጀመር ነገር ቢቀር ይሻላል።

በሌላ በኩል መንግሥት «ነዋሪው ያዘው» ብሎ እጁን እንዲያጥብ አልፈልግም። መኪናን በዘላቂነት የሚያዘገየው የመንገዱ አሠራር ነው። ኔዘርላንድስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1971 ከ3,000 በላይ ሰዎች መንገድ ላይ ሞተዋል፤ ከ400 በላይ የሚሆኑት ልጆች ነበሩ። ወላጆች «የሕፃናት ግድያ ይቁም» ብለው ተነሡ፣ መንገድ ዘጉ፣ ፓርላማ ደጅ ጠኑ። ደልፍት ከተማ ላይ የተጀመረው፣ መኪና በእግረኛ እርምጃ የሚሄድበት የመኖሪያ መንገድ በ1976 በሕግ ታወቀ። መንገዱ ጠበበ፣ ዛፍና አግዳሚ ወንበር ገባበት፣ ቀጥ ብሎ መብረር ቀረ። የፊንላንድ ዋና ከተማ ሄልሲንኪ ውስጥ እ.ኤ.አ. እስከ ሐምሌ 2025 በነበረው አንድ ዓመት አንድም ሰው በትራፊክ አደጋ አልሞተም። ከከተማዋ መንገዶች ከግማሽ በላይ የፍጥነት ወሰናቸው 30 ነው።

እኛ ጋ ልጅ ከተገጨ በኋላ ነዋሪው ገንዘብ አዋጥቶ በራሱ ጉብታ ይሠራል፤ ድንጋይ ወይም ወፍራም ገመድ አስፋልት ላይ ያጋድማል። ሐዘኑ ይገባኛል። ነገር ግን ቀለም ያልተቀባ፣ ከልክ በላይ ከፍ ያለ ጉብታ ማታ ሞተረኛ ይጥላል፣ አምቡላንስ ያዘገያል፣ ነፍሰ ጡሯን ባጃጅ ውስጥ ያናውጣል። በልክ የተሠራ ጉብታ ለማግኘት ማመልከቻ ያስፈልጋል። ለማመልከቻው ደግሞ ቁጥር። «ሰፈራችን ውስጥ መኪና ይበርራል» የሚል ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። «በሦስት ወር ውስጥ ጠዋት ጠዋት ይህን ያህል መኪና ለካን፤ ይህን ያህሉ ከ36 በላይ ነበር፤ አብዛኛው በዚህ ሰዓት፣ በዚህ አቅጣጫ» የሚለውን ግን መሐንዲስ ሊሠራበት ይችላል። ለዚህ እንዲመች በዝግታ ያለፉትም ያለ ታርጋ በጭረት ይቆጠሩ። ከታርጋው ዝርዝር ይልቅ ይህ ድምር ለሰፈሩ የሚበጅ ይመስለኛል። ድምሩ ስም የለበትም፤ ማንንም አያስፈራም፤ ለወረዳውም ለዕድሩም በይፋ ሊነበብ ይችላል።

ትምህርት ቤቶች መስከረም ላይ ይከፈታሉ። አንድ ዕድር ሐምሌ ላይ ተነጋግሮ ወረዳውንና ፖሊስን ቢያነጋግር፣ ነሐሴ ላይ ሥልጠናው ይደርሳል። ለመጀመሪያው ወር ጠዋት ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ብቻ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል። ቀለም፣ ሜትር፣ ሦስት ሰደርያ፣ አንድ ደብተር። ስልክ ሁሉም ሰው ኪስ ውስጥ አለ።