ዶላር ይዤ ዩሮ ተጠየቅሁ

ለእናቴ የአንድ ሳምንት የሜዲትራኒያን የመርከብ ጉዞ ያዝኩላት። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካለ ባንክ ግማሽ ቀን ተሰልፌ፣ ፓስፖርትና ቪዛ አሳይቼ ጥቂት ዶላር አገኘሁ። ትናንት የጉዞ ወኪሏ «መርከቡ የሚሠራው በዩሮ ነው፤ ለቡና እንኳ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም» አለችኝ። ምነው ገንዘቤን ስትቀበል ይህን ብትነግረኝ ኖሮ!

መርከቡ ላይ ወጪው ሁሉ በክፍሉ መክፈቻ ካርድ ላይ ይመዘገባል፤ የአስተናጋጆቹ ጉርሻ ሳይቀር በየቀኑ ይደመራል። መጨረሻ ላይ የሚከፈለው ከባንክ ካርድ ነው፤ አለዚያ እንግዳ መቀበያው ጋ አስቀድሞ ጥሬ ገንዘብ ማስያዝ ነው። ከሂሳብ በቀጥታ የሚቆርጠው ዴቢት ካርድ ከሆነማ ሳይበላ ሳይጠጣ ከሂሳቡ ላይ የመያዣ ገንዘብ ይታገድበታል፤ የሚለቀቀውም ከቀናት በኋላ ነው።

እናቴ ዶላሩን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛለች። እንዴት ብዬ ፍቺው ልበላት?