ሲስተም ስትገዙ ስፌቱን ጠይቁ

ጳጉሜን 1 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ አርብ ጠዋት፣ ደሴ ፒያሳ አጠገብ ወደሚገኝ አንድ የመድኃኒት አከፋፋይ ተጠርቼ ሄድኩ። ከሐይቅና ከኩታበር የመጡ ደንበኞች ባንኮኒው ፊት ቆመዋል። ካርቶኑ ታስሯል፣ ዋጋው ተነግሯል፣ ኮምፒውተሩ ግን ሽያጩን አልመዘግብም ብሏል። «ቀን ያስፈልጋል» የሚል ቀይ ጽሑፍ ያሳያል፤ ቀኑ ሲሞላ ሳጥኑ መልሶ ባዶ ይሆናል።

ሲስተሙን የሸጠው የአዲስ አበባ ድርጅት ስልክ ሲያነሳ የሰጠን መልስ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፦ «ከእንቁጣጣሽ በኋላ ራሱ ይስተካከላል።» የመደብሩ ባለቤት ሐጂ ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ አምስት ቀን ዘግቼ ልቀመጥ ነው?» አሉኝ። አልዘጉም። ድርጅቱ የሰርቨሩን፣ ማለትም ሲስተሙ የተጫነበትን ዋና ኮምፒውተር፣ የይለፍ ቃል እስኪሰጠን ድረስ ሠራተኞቻቸው የሦስት ቀን ሽያጭ «ነሐሴ 30» እያሉ መዘገቡ። ለመድኃኒት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ባች፣ ማለትም በአንድ ዙር የተመረተ መድኃኒት፣ ችግር ተገኝቶበታል ቢባል ለማንና መቼ እንደተሸጠ የሚናገረው ይኸው መዝገብ ነው።

እሁድ ማታ ሰርቨሩን ከፈትኩ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያን ማታ ያየሁት ነው፤ ሲስተሙ ውስጥ የተበላሸ ክፍል አልነበረም። የፈረንጁን ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር የሚመልሰው ክፍል 13ኛ ወር ብሎ በትክክል አስልቷል። የቀን መምረጫውን የሚያሳየው ክፍል ደግሞ ሌላ አገር፣ ሌላ ሰው የሠራው ነው፤ ለእሱ ወር ማለት ከ1 እስከ 12 ነውና 13 ሲመጣበት ባዶ አድርጎ ያስተላልፋል። በተሠራበት አገር ልክ ነው። መረጃውን የሚያከማቸው ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ ቀን የሌለው ሽያጭ አልቀበልም አለ፤ ደግ አደረገ። ሦስቱም የታዘዙትን ሠርተዋል፣ መደብሩ ግን ቆሟል። ጥፋቱ የነበረው በመካከላቸው፣ አንዱ ለሌላው በሚያቀብልበት ቦታ ነው። ያንን መጋጠሚያ የጻፈው ባለሙያ ድርጅቱን ከለቀቀ ወራት አልፈውታል፤ ከእሱ ሌላ የሚያውቀው አልነበረም። ለማስተካከል አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀብኝም።

ብዙ ሰው ሲስተም ሲባል አንድ ድርጅት ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው ጽፎ የሚሸጠው አንድ ወጥ ነገር ይመስለዋል። እንዲህ ያለ ሶፍትዌር ዛሬ የለም ማለት ይቻላል። ዳግ ማክኢልሮይ የተባለው አሜሪካዊ የኮምፒውተር ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1968 ጀርመን ጋርሚሽ ላይ በተደረገ ጉባኤ፣ ሶፍትዌርም እንደ ፋብሪካ ምርት ከተዘጋጁ ክፍሎች መገጣጠም አለበት ብሎ ሲናገር ገና ሐሳብ ነበር። ዛሬ የዕለት ሥራችን ነው። የሐጂን ሲስተም የሸጠው ድርጅት ሰርቨሩን የሚያስኬደውን ሊነክስን አልጻፈም፣ ፖስትግሬስን አልጻፈም፣ ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ቋንቋ ፒኤችፒን አልጻፈም፣ ደረሰኝ የሚያትመውንም ክፍል አልጻፈም። ወስዶ አጋጠማቸው። በዚህ አልወቅሰውም። ደሴ ተቀምጦ የሚሠራ ወጣት የዓለም ባንኮች የሚጠቀሙበትን ዳታቤዝ ያለ ክፍያ አውርዶ መጠቀም መቻሉ ለእኛ ትልቅ በረከት ነው። ሁሉን ነገር ከዜሮ እንጻፍ የሚሉ ተማሪዎች ሲያማክሩኝም ተዉ እላለሁ፤ የይለፍ ቃል መጠበቂያ በራሳቸው እጅ ጽፈው የሰው መረጃ ሜዳ ላይ ያስቀሩ አይቻለሁ።

የምወቅሰው ማጋጠሙን እንደ ሥራ አለመቁጠሩን ነው። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ሸሚዝ በፋብሪካ እንዴት እንደሚሰፋ ለከተማችን ሰው አዲስ አይደለም። አንዷ ኮሌታ፣ ሌላዋ እጅጌ፣ ሌላዋ ኪስ ስትሰፋ ትውላለች፤ ቁልፉና ክሩ ከሌላ ቦታ ይመጣል። ሸሚዝ ደግሞ መሀል ጨርቁ ላይ ብዙም አይቀደድም፤ የሚተረተረው ብብቱ ስር፣ እጅጌውና ገላው በተገናኙበት ነው። ጥራት የምትቆጣጠረዋ ሸሚዙን ገልብጣ የምታየው ለዚህ ነው። መሥሪያ ቤቶቻችን ሲስተም ሲረከቡ ግን የሚያዩት ፊት ለፊቱን ብቻ ነው፦ ቀለሙን፣ አርማውን፣ ስክሪን ላይ የሚያምረውን ሪፖርት።

ጳጉሜን በዓመት አንዴ ትመጣለች፤ የባሰው ዕለት ዕለት የሚደርሰው ነው። አንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ውስጥ ቆሜ ያየሁትን ልንገራችሁ። እናት የታመመ ልጇን ይዛ መጣች፣ ስሙ ሐሰን ነው። ያለፈው ጊዜ የተመዘገበው በሐመሩ «ሐ» ነው፤ የዕለቱ ሠራተኛ በሃሌታው «ሀ» ጽፋ ፈለገች። «አልተገኘም» አላት፤ አዲስ ካርድ አወጣች። አንድ ልጅ ሁለት ታማሚ ሆነ፤ ቀድሞ የተሰጠው መድኃኒት በአንደኛው ካርድ ላይ ቀረ። ወሎ ውስጥ ሐሰን፣ ሁሴንና ሰይድ ስንት ቤት እንዳለ የአገሩ ሰው ያውቃል፤ ሰይድም በ«ሰ» ተጽፎ በ«ሠ» ይፈለጋል። እዚህም ዳታቤዙ አልተሳሳተም። የግዕዝ ፊደላት እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ ውስጥ ሲገቡ ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ መሆንም ያለበት እንደዚያ ነው። ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ የሚያይ ትንሽ ክፍል መሀል ላይ መግባት ነበረበት። ይህን ክፍል ካሊፎርኒያ ያለ ሰው አይጽፍልንም። ሥራው የእኛ ነው።

የማይታየው ክፍል አደጋም ሲያመጣ አይተናል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ደሴና ኮምቦልቻ ከጦርነቱ በወጡበት በዚያው ሳምንት፣ ሎግፎርጄ በተባለ የሶፍትዌር ክፍል ላይ ትልቅ ቀዳዳ መገኘቱ ለዓለም ተነገረ። ሥራው ሲስተም ውስጥ የሚሆነውን ሁሉ መመዝገብ ብቻ ነው፤ ነገር ግን በተንኮል የተጻፈ አንድ መስመር ሲመዘግብ ከአጥቂው ሰርቨር የመጣ ትእዛዝ ሊፈጽም ይችል ነበር። ጃቫ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በተሠሩ እጅግ ብዙ ሲስተሞች ውስጥ ተሰፍቶ ይገኛል። ያን ጊዜ ታላላቅ ድርጅቶችን ያስጨነቀው ጥገናው ብቻ አልነበረም፤ ክፍሉ የት የት እንዳለ ማወቁ ነበር። እኛ አገር ከተማ መብራትና ውኃ ስንጠብቅ ስለነበር ይህን የጠየቀ ሰው አልገጠመኝም። ዛሬ ግን መጠየቅ እንችላለን።

ከአንድ ትልቅ የውጭ ድርጅት ሙሉውን ብንገዛ ይሻለናል የሚሉ ኃላፊዎች አሉ። ጭንቀታቸው ይገባኛል፤ ሲበላሽ የሚጠየቅ አንድ አካል ይፈልጋሉ። ነገር ግን ትልቁም ድርጅት የሚሸጠው የተገጣጠመ ነው፤ ሎግፎርጄ የተገኘው በትልልቆቹ ምርት ውስጥም ነው። ከመጠን ይልቅ የሚለየው ግልጽነት ነው። ጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው የጤና መረጃ ሲስተም በኖርዌዩ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት የሚሠራ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ፕላትፎርም ነው። የኢትዮጵያን የቀን አቆጣጠር ከነ13 ወሩ ያውቃል። ኖርዌይ ውስጥ ጳጉሜን የለችም፤ መጋጠሚያው ክፍት ስለሆነና የእኛን ፍላጎት የሚናገር ሰው ስለተገኘ ነው የገባችው።

ስለዚህ ከደሴና ከኮምቦልቻ መሥሪያ ቤቶች የምጠይቀው ጥቂት ነው። በጨረታ ሰነዱ ላይ ሻጩ ሲስተሙ የተሠራባቸውን ክፍሎች በሙሉ ከነስሪት ቁጥራቸው በጽሑፍ እንዲያስረክብ ይጻፍ። የአሜሪካ መንግሥት ሎግፎርጄ ከመታወቁ ሰባት ወር በፊት ሶፍትዌር ከሚሸጡለት ድርጅቶች እንዲህ ያለ ዝርዝር እንዲጠየቅ ወስኗል፤ ለእነሱ ያስፈለገ ለእኛ አይበዛም። መጋጠሚያውን የሚሠራው ኮድ ከነማብራሪያው የገዢው ንብረት ይሁን። እዚሁ ከተማ የሚኖር ቢያንስ አንድ ሰው በደንብ ይወቀው፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በቅርባችን ነው፣ ተመራቂዎቹም ሥራ ይፈልጋሉ። ለዚህ ሰው የሚከፈለው ደመወዝ ብክነት አይደለም። ርክክቡም ከመፈረሙ በፊት ሲስተሙ በጳጉሜን ቀንና በሦስቱም «ሀ» ይፈተን።

ሐጂ የክፍሎቹን ዝርዝር አሳትመው ከንግድ ፈቃዳቸው አጠገብ ግድግዳው ላይ ሰቅለውታል። በቀደም ሳልፍ ጠርተውኝ ፈተና እናድርግ አሉኝ። ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆነው በ2019 ዓ.ም. ስለሆነ ያንን ቀን አስገባን፤ ተቀበለ። ጳጉሜን 6 ቀን 2018 ስንለው ግን «እንዲህ ያለ ቀን የለም» አለን። ሐጂ ሁለቱንም በእጃቸው ማስታወሻ ደብተራቸው ላይ ጻፉና ሻይ አዘዙልኝ።