«መልእክቱ እስከ ገባ ድረስ ምን ችግር አለው?»

ይህችን ጥያቄ ሳልሰማ ያለፈ ሳምንት ትዝ አይለኝም። መተዳደሪያዬ ሰዎች በእንግሊዝኛ የጻፉትን ማረም ነው። ጽሑፉን ሲሰጡኝ «ብዙ ሥራ የለውም፣ ዐይንዎን ጣል ያድርጉበት» ይሉኛል። አርሜ ስመልስ ደግሞ «መልእክቱ እስከ ገባ ድረስ ምን ችግር አለው?» ይከተላል። ለዓመታት በትዕግሥት ሳስረዳ ኖሬያለሁ። ዛሬ ግን በሆዴ የቆየውን ሁሉ እዘረግፈዋለሁ።

መነሻዬ ሰሞኑን የደረሰብኝ ነገር ነው። 42 ገጽ ያለው ሪፖርት አመሻሽ ላይ ተላከልኝ፤ ጠዋት ማተሚያ ቤት ይገባል ተባልኩ። ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጬ አረምኩ። ለእያንዳንዱ ለውጥ ምክንያቱን በኅዳጉ ላይ ጻፍኩ። ታትሞ ሲደርሰኝ ከእርማቶቼ ብዙዎቹ ተሰርዘው ጽሑፉ ወደ ቀድሞው ተመልሷል። ይህ ብቻ ቢሆን ባልከፋኝ ነበር፤ ጽሑፉ የእነሱ ነው። ያንገበገበኝ የትኛው ስሕተት እንደተተወና የትኛው ደህና ሐረግ እንደታረመ ማየቴ ነው።

ሦስተኛው ገጽ ላይ «ሃቪንግ ሪቪውድ ኦል ዘ ፋይልስ፣ ዘ ሚቲንግ ዎዝ ፖስትፖንድ» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበር። ጸሐፊው ሊል የፈለገው «መዝገቦቹን ሁሉ ከመረመርን በኋላ ስብሰባውን አስተላለፍነው» ነው። እንግሊዝኛ ግን በእንዲህ ያለ ሐረግ ሲጀምር አንባቢው የድርጊቱን ፈጻሚ የሚፈልገው ከኮማው ቀጥሎ ነው። ከኮማው ቀጥሎ ያለው ደግሞ ስብሰባው ነው። ስለዚህ መዝገቦቹን የመረመረው ስብሰባው ሆኖ ቁጭ አለ። አማርኛችን በዚህ በኩል ይጠብቀናል፤ «ከመረመርን» ስንል መርማሪዎቹ እኛ መሆናችንን ግሡ ራሱ ይናገራል። የእንግሊዝኛው «ሃቪንግ» እንዲህ ያለ ምልክት ስለሌለው ባለቤቱን አጠገቡ ማቆም የጸሐፊው ግዴታ ነው። እኔም «ዘ ኮሚቲ» የሚለውን ከኮማው ቀጥሎ አስገብቼ አቃናሁት። መለሱት። እዚያው ገጽ ላይ ግን ምንም ያልነበረባትን «ቱ ፉሊ አንደርስታንድ» የምትል ሐረግ አግኝተው «ፉሊ»ን ከመካከል ነቅለው አውጥተዋታል። ለምን ብዬ ስጠይቅ «በቱ እና በግሡ መካከል ቃል አይገባም፣ ሕግ ነው» አሉኝ።

የማን ሕግ? እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በ«ቱ» እና በግሡ መካከል ቃል ሲያስገቡ ምዕተ ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ ሄንሪ አልፎርድ የሚባሉ የቤተ ክርስቲያን ሰው እ.ኤ.አ. በ1864 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን አጻጻፍ ነቀፉ። ሌሎችም ተቀበሏቸው፤ ነቀፌታው ከመምህር ወደ ተማሪ እየተላለፈ ሕግ መሰለ። ዓረፍተ ነገርን እንደ «ቱ» ወይም «ኦፍ» ባለ መስተዋድድ መጨረስ ክልክል ነው የሚባለውም ከዚህ የተለየ ታሪክ የለውም። ባለቅኔው ጆን ድራይደን እ.ኤ.አ. በ1672 ከእሱ የቀደመውን የተውኔት ጸሐፊ የቤን ጆንሰንን አጻጻፍ በዚህ ነቀፈ፤ በኋላም የራሱን የቆየ ጽሑፍ እንኳ መልሶ በዚሁ መሠረት አረመ። እ.ኤ.አ. በ1762 የሰዋስው መጽሐፍ ያሳተሙት ሮበርት ላውዝ ግን ነገሩን ይበልጥ አስተውለውታል። ለከበረ ጽሑፍ መስተዋድዱን ከመጨረሻ ማንሳት ይሻላል ቢሉም፣ ቋንቋችን ወደዚህ አጻጻፍ በጣም ያደላል ብለው ጻፉ፤ ያንኑ ሐረጋቸውንም የቋጩት «ቱ» በሚለው መስተዋድድ ነው። ከ250 ዓመታት በላይ አለፉ። ዛሬም «ሁ አር ዩ ቶኪንግ ቱ» ብሎ የጻፈ ሰው ወረቀቱ በቀይ ተሰምሮበት ይመለሳል። በእንግሊዝኛው «አንድ» («እና») ወይም «በት» («ግን») ዓረፍተ ነገር መጀመርም እንዲሁ ኃጢአት ተደርጎ ይቆጠራል፤ ደህና የሚባሉ የእንግሊዝኛ ጸሐፊዎች ግን ያደርጉታል።

ቁጣዬ ሕግ ለምን ኖረ አይደለም። ሕግ ባይኖር እኔም ሥራ የለኝም። ቁጣዬ ሰዎች ማንንም በማይጎዳ ነገር ላይ ዘብ ቆመው አንባቢን ገደል የሚከተውን በር ክፍት መተዋቸው ነው። አንድን እርማት ሳስብ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንባቢው ይህን ሲያነብ ይደናቀፋል ወይስ አይደናቀፍም? «ቱ ፉሊ አንደርስታንድ» ላይ የሚደናቀፍ አንባቢ የለም። ስብሰባው መዝገብ ሲመረምር ያየ አንባቢ ግን ቆም ብሎ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ፣ ማን ምን እንዳደረገ ሊገምት ይገደዳል። ግምቱ ደግሞ ሊሳሳት ይችላል።

«መልእክቱ እስከ ገባ ድረስ» ለምትሉኝ ደግሞ፣ ለማን እንደገባና እንዴት እንደገባ ማን አረጋገጠ? በአሜሪካ የሜይን ግዛት የትርፍ ሰዓት ክፍያ የማይመለከታቸውን ሥራዎች የሚዘረዝር ሕግ ነበር። ዝርዝሩ ስለ ምግብ ምርቶች ማቀነባበር፣ ማድረቅ፣ ማከማቸትና ሌላም ሌላም ካለ በኋላ «ፓኪንግ ፎር ሺፕመንት ኦር ዲስትሪቢዩሽን» ብሎ ያልቃል። ከ«ኦር» በፊት ኮማ የለም። «ለጭነት ወይም ለስርጭት ማሸግ» ማለት ነው ወይስ «ለጭነት ማሸግ፣ ወይም ማሰራጨት»? በመጀመሪያው ንባብ ማሰራጨት ከዝርዝሩ ውጭ ነው፤ በሁለተኛው ግን ራሱን የቻለ ሥራ ሆኖ ይገባል። የኦክኸርስት የወተት ኩባንያ ሾፌሮች እኛ አከፋፋዮች እንጂ አሻጊዎች አይደለንም፣ የትርፍ ሰዓት ይገባናል ብለው ከሰሱ። እ.ኤ.አ. በ2017 የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሐረጉ አሻሚ ነው ብሎ ለሾፌሮቹ አደላ፤ በዓመቱ ጉዳዩ በ5 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ። ያን ሕግ ያረቀቁ ሰዎችም በወቅቱ መልእክቱ ገብቷል ብለው ነበር። ሁለቱን ንባቦች በአማርኛ ስጽፋቸው እንዴት እንደተለያዩ ልብ በሉ። «ለ» የምትባለው አንዲት ፊደል በሁለተኛው ቃል ላይ መደገም አለመደገሟ ነገሩን ቆረጠችው። እንግሊዝኛው «ፎር»ን ስላልደገመ የሚለየው ኮማ ብቻ ነበር። ኮማ እንደ ጌጥ የሚበተን አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

የእኛ የአማርኛ ተናጋሪዎች ስሕተቶችም አብዛኛዎቹ ከስንፍና አይመጡም፤ ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ። ከኋላቸው ቀና ብሎ የቆመ አማርኛ አለ። «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» የሚል አፍ «ዲስከስድ አባውት» ቢል ምን ይገርማል? «ስለ»ን ይዞ ተሻገረ። የእንግሊዝኛው «ዲስከስ» ግን ያለ ምንም መስተዋድድ ነገሩን በቀጥታ ይወስዳል። «ቢደክመውም ግን ሥራውን ጨረሰ» እንላለን፤ በአማርኛ ሁለቱ ተደጋግፈው ይቆማሉ። በእንግሊዝኛ «ኦልዞው» ከገባ «በት» መውጣት አለበት፣ አንዱ ለሌላው ቦታ አይተውም። «ይዘንባል» ለእኛ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ለእነሱ ግን «ኢት» የምትባል ባለቤት ካልቀደመች ዓረፍተ ነገሩ ራስ የለውም። «ሦስት መጽሐፍ ገዛሁ» ስንል ቁጥሩ ብዛቱን ስለተናገረ ስሙን በነጠላ መተው እንችላለን። እንግሊዝኛ ቁጥሩንም ብዛቱንም ይጠይቃል። «እዚህ ከ2010 ጀምሮ እኖራለሁ» ትክክለኛ አማርኛ ነው፤ «አይ ሊቭ ሂር ሲንስ» ግን አይሆንም፣ «አይ ሃቭ ሊቭድ» ነው የሚባለው። «ምክሮች» እና «መረጃዎች» ማለት የለመደ ሰው «አድቫይስስ» እና «ኢንፎርሜሽንስ» ብሎ ይጽፋል፤ በእንግሊዝኛ ሁለቱም እንደ ውኃ የማይቆጠሩ ናቸው።

ከሁሉ ይበልጥ የምወደውን ምሳሌ ልጨምር። «ዘ ሊስት ኦፍ ኔምስ አር» የሚል ስሕተት እንግሊዝኛ በእናቱ ቋንቋነት የሚናገረውም ሰው ይሠራል። ባለቤቱ «ሊስት» ነው፣ ነጠላ ነው፤ ግሡ አጠገብ የተቀመጠው ግን «ኔምስ» ስለሆነ ጆሮ ይታለላል። አማርኛ ገላጩን ከፊት፣ ዋናውን ስም ከኋላ ስለሚያስቀምጥ «የስሞቹ ዝርዝር ተልኳል» ስንል ግሡን የሚጎራበተው ራሱ ባለቤቱ ነው። ስለዚህ ተማሪዎቼን ዓረፍተ ነገሩን በሐሳባችሁ ወደ አማርኛ መልሱትና ግሡ አጠገብ ማን እንደቆመ እዩ እላቸዋለሁ። ይሠራል! «የት አለ?» እና «የት እንዳለ አላውቅም» የሚለውም እንዲሁ ያግዛል። በአማርኛው «እንደ» ከገባ በእንግሊዝኛው የጥያቄው ቅደም ተከተል ይቀራል፤ «ዌር ኢዝ ሂ» የነበረው «ዌር ሂ ኢዝ» ይሆናል። የገዛ ቋንቋችን እንዲህ የሚረዳ መሣሪያ ሆኖ ሳለ «በእንግሊዝኛ አስቡ፣ አማርኛውን እርሱት» እያሉ ተማሪን የሚያሸማቅቁ ሰዎች ያሳዝኑኛል።

ማሸማቀቅ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አንድ ባልደረባዬ ኮሪደሩ ላይ የተላጠ የኤሌክትሪክ ገመድ አይቶ «ኤቭሪዋን ሹድ ዎች ዘይር ስቴፕ» የሚል ማስጠንቀቂያ ለሁላችንም ላከ። ከሁሉ ቀድሞ የመጣው መልስ «ኤቭሪዋን ነጠላ ስለሆነ ዘይር አይባልም፣ ሂዝ ነው» የሚል ነበር። ሰውየው ከዚያ በኋላ በእንግሊዝኛ ለሁሉም የሚደርስ መልእክት ጽፎ አያውቅም። ስለ ገመዱ በዚያ ቀን የጠየቀ አልነበረም። እርማቱ ደግሞ ራሱ ስሕተት ነው፤ «ዘይ» እና «ዘይር» ለአንድ ያልታወቀ ሰው ማገልገል የጀመሩት ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እንዲህ ያለው አራሚ ስሙን በሙያዬ ላይ ሲለጥፍ ደሜ ይፈላል። እርማት ለጸሐፊው ለብቻው፣ ከምክንያቱ ጋር፣ ከመታተሙ በፊት የሚሰጥ ነገር ነው።

ኮምፒውተሩ ያርመዋል ለሚሉም አንድ ቃል አለኝ። ማረሚያ ፕሮግራም የፊደል ግድፈት ይይዛል፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ነገር ግን ጸሐፊው ምን ሊል እንደፈለገ አያውቅም። በተገብሮ የተጻፈውን ሁሉ ሲያሰምርበት አይቻለሁ። ተገብሮ በደፈናው ጥፋት አይደለም፤ ድርጊቱ ከአድራጊው ሲበልጥ ትክክለኛው ምርጫ ነው። «መስኮቱ ተሰበረ» ማለት ሰባሪው ካልታወቀ ምን ነውር አለው? ነውር የሚሆነው አድራጊው ታውቆ ሲደበቅ ነው። «ሚስቴክስ ዌር ሜድ» የሚል ሪፖርት ስሕተቱን ማን እንደፈጸመው ያውቃል፣ ግን አይናገርም። ይህን ልዩነት ፕሮግራሙ አያየውም፤ ሰው ግን ማየት አለበት። «አክሰፕት ኦል» (ሁሉንም ተቀበል) የምትለዋን ቁልፍ አንድ ጊዜ ተጭኖ ጽሑፉ ታርሟል ብሎ የሚልክልኝ ሰው አዲስ ስሕተቶች ጨምሮ እንደላከልኝ ሊያውቅ ይገባል።

ስለ ወሬ ማብዛት ብዙ አልልም፤ «ሪተርን ባክ»፣ «ሪፒት አጌን»፣ «ዱ ቱ ዘ ፋክት ዛት» የሚሉትን ሳወጣ «ጽሑፌን አሳጠሩብኝ» ተብዬ ስለምወቀስ ብቻ ነው ያነሳሁት። «ቢኮዝ» አንድ ቃል ነው፣ የአምስቱን ሥራ ይሠራል።

ወደዚያ ሪፖርት ልመለስ። ሽፋኑ ላይ በትልልቅ ፊደል «የድርጅቱና የሠራተኞቹ ዓመት» ለማለት የተጻፈ ርእስ አለ። «የእሱ» የሚለውን ትርጉም የያዘችው «ኢትስ» ያለ አፖስትሮፊ፣ ማለትም በፊደሎቹ መካከል ከላይ ያለችው ትንሽ ጭረት ሳትኖር፣ መጻፍ ነበረባት፤ እኔም አውጥቼው ነበር። መልሰው አስገቡት። ስጠይቅ የሰጡኝ ምክንያት ንቄ የማልፈው አይደለም፤ «ባለቤትነት በአፖስትሮፊ ይገለጣል ብለው ያስተማሩን እናንተ አይደላችሁም?» አሉ። እውነት ነው፣ በስም ላይ ይገለጣል። በተውላጠ ስም ላይ ግን አይደለም፤ «ሂዝ» አፖስትሮፊ የለውም፣ «ዘይርስ» የለውም፣ «ኢትስ»ም የለውም። አፖስትሮፊ ያለባት «ኢት ኢዝ» ወይም «ኢት ሃዝ» ተቆርጣ ስትጻፍ ነው። እንግሊዞች ራሳቸው እስከ 1800 እ.ኤ.አ. አካባቢ ለባለቤትነትም በአፖስትሮፊ ይጽፏት ስለነበር መሳሳቱን አልፈርድበትም። ይህን ሁሉ በኅዳጉ ላይ በሦስት መስመር ጽፌላቸው ነበር። እንዳላነበቡት የገባኝ የታተመውን ሽፋን ሳይ ነው። ዛሬ ጠዋት ቀጣዩን ሪፖርት ላኩልኝ፤ 60 ገጽ ነው፣ ለነገ ይደርሳል ወይ ብለዋል። አይደርስም አልኳቸው። ሦስት ቀን ስጡኝ፣ በአራተኛው ቀን ደግሞ ጽሑፉን ያዘጋጀው ሰው አጠገቤ ተቀምጦ እርማቱን አንድ በአንድ አብረን እንይ ብዬ ጻፍኩላቸው። መልሳቸውን እየጠበቅሁ ነው።