የብሊትዝ ተጫዋቹን ያስቆመው ሰዓቱ አይደለም

የቼዝ አሰልጣኞች በስልክ ላይ ስለሚካሄደው ብሊትዝ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ተጫዋች ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሚሰጥበት ፈጣን ጨዋታ፣ ሲነሣባቸው ፊታቸው ይጠቁራል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይሉና እድገት የፈለገ ሰው ብሊትዙን ትቶ ረጅም ጨዋታ እንዲጫወት ይመክራሉ። እኔ ግን ለመዝናኛ የሚጫወተውን ሰው ባለበት የሚያስረግጠው የሦስት ደቂቃው ጥበት ነው ብዬ አላምንም። ያስቸገረው፣ ሽንፈቱን መለስ ብሎ ሳያይ የሚጫነው «አዲስ ጨዋታ» የሚለው ቁልፍ ነው።

የአንድ ወዳጄን አጨዋወት ልጥቀስ። «አጥቂ ነኝ» ይላል ስለ ራሱ። ነጭ ሲደርሰው ሌሎቹን ጠጠሮች ከቤታቸው ሳያወጣ አንድ ፈረስ ይዞ ወደ ተጋጣሚው ንጉሥ ይገሰግሳል። ፈረሱን በወታደር ሲያስፈራሩበት መመለስን እንደ ውርደት ስለሚቆጥረው አስበልቶት ንግሥቲቱን ያስከትላል። የደነገጠው ባላጋራ መልስ ፍለጋ ግማሽ ደቂቃ ያቃጥልና ይሳሳታል። በኮምፒውተር ቢመረመር ፈረሱ የሞተው በከንቱ ነው፤ በሰዓቱ በኩል ሲታይ ግን አዋጭ ነበር። በዚህ መንገድ ሊቼስ በተባለው ነጻ የቼዝ ገጽ ላይ የተጫዋች ብቃት በሚለካበት ነጥብ 1600ን አለፈ። ወደ 1700 ሲጠጋ ያገኛቸው ሰዎች ግን ፈረሱን ይበላሉ፤ ንጉሣቸውን አንድ ቤት ፈቀቅ ያደርጋሉ፤ ከዚያ ሳይቸኩሉ ያሸንፉታል።

እንዲህ ያለውን አጨዋወት ስልት ብሎ መጥራት ይከብደኛል። ያበጁለት ደካማ ተጋጣሚዎቹ ናቸው፤ እነሱ ከታች ቀርተው ልማዱ ብቻ አብሮት ወጥቷል።

ነጥቡም ቢሆን ያታልላል። ሊቼስ አዲስ ተጫዋችን በ1500 ይቀበለዋል። ስሌቱ ስለ ሰውየው ችሎታ ገና እርግጠኛ ስላልሆነ በመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ነጥቡን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል፤ ጨዋታው ሲበዛ ግን በአንድ ድል የሚገኘው ጥቂት ነጥብ ብቻ ይሆናል። «መጀመሪያ በፍጥነት አደግሁ፣ ከዚያ ቆምሁ» የሚለው የተለመደ ስሞታ በከፊል ከዚህ የመጣ ነው። የተጫዋቾች ብቃት በሚለካበት በታወቀው የኤሎ ስሌት ደግሞ በ100 ነጥብ ከሚበልጠው ሰው ጋር የተጋጠመ ተጫዋች በአማካይ ከመቶ 36 ያህል ውጤት ይጠበቅበታል። ስለዚህ እድል የቀናው ምሽት ምንም ሳያስተምረው ከፍ ሊያደርገው ይችላል።

ፍጥነት በራሱ ነውር የለበትም። ሰንጠረዥ በተባለው የአገራችን ጥንታዊ ቼዝ ጨዋታው የሚከፈተው ተራ በማይጠበቅበት «ወረራ» ነበር፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እንዳሻቸው ያንቀሳቅሳሉ። የእጅ ቅልጥፍና ብቻውን ግን አይበቃም ነበር፤ ዐይን የባላጋራን አሰላለፍ መከታተል ነበረበት።

የሰዓቱ ዐይነት ግን ለውጥ ያመጣል። የዓለም የብሊትዝ ሻምፒዮና የሚካሄደው በሦስት ደቂቃና ለእያንዳንዱ እርምጃ በሚጨመር ሁለት ሰከንድ ነው። ወዳጄ የሚመርጠው ጭማሪ የሌለውን ሦስት ደቂቃ ነው። በዚህ ዐይነቱ ጨዋታ አንዲት ንግሥት የሚበልጥ ሰው ሰዓቱ ካለቀ ይሸነፋል፤ ከሽንፈት የሚተርፈው ባላጋራው ለማሸነፍ የሚበቃ ጠጠር ከሌለው፣ ለምሳሌ ባዶ ንጉሥ ብቻ ከቀረው ነው፣ ያኔ አቻ ይባላል። ታዲያ ወዳጄ ጨዋታው ሲበላሽበት መላ አይፈልግም፤ ትርጉም የሌለው «ንጉሥ» እያለ፣ ማለትም ንጉሡን በከንቱ እያስፈራራ፣ የሰውየውን ሰከንድ ይበላል። እንዲህ ያለውን ድል ሲያወራልኝ እስቃለሁ፤ ከቼዝ ችሎታ ግን አልቆጥርለትም።

ብሊትዝ ተው አልለውም። ሁለቷን ሰከንድ ይጨምርና ከእያንዳንዱ ሽንፈት በኋላ ጨዋታው ከእጁ ያመለጠበትን እርምጃ መጀመሪያ በራሱ ዐይን ይፈልግ፤ ኮምፒውተሩን ቀጥሎ ይጠይቀው፣ በሊቼስ ምርመራው ክፍያ የለውም። በተለይ ያሸነፈባቸውን የፈረስ ጨዋታዎች እንዲመረምር እፈልጋለሁ፤ እስካሁን አንዱንም ከፍቶ አላየም።