ጽድት ያለ ሥራ

እንደ ፒያሳ ፕሪንት ቤት ልጆች ንጽሕና የሚወድ ሰው አይቼ አላውቅም። ኦሞ ራሱ ይቀናባቸዋል።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሥዕል ይዤ ጊዮርጊስ አካባቢ ካሉት ወደ አንዱ ጎራ አልኩ። አጎቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በቀጭን ብዕር የሳላት የእንጨት በረንዳ ያላት የድሮ ቤት ናት። በረንዳው ላይ ድመት ተጋድማለች። ጥላውን ያወጣው ፀጉር የሚያካክሉ መስመሮችን ጎን ለጎን እየጫረ ነው። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፤ ጥግ ላይ ደግሞ የቡና ሲኒ ያተመው ክብ አለ። ቤቷ በ2016 ከነሰፈሯ ፈርሳለች (እሷም የጸዳችው በአንድ ጊዜ ነው)። ወረቀት ላይ ያለችውን እንኳ ላትርፍ ብዬ ነው።

"ጋሼ፣ አያስቡ። አሁን ጽድት አድርጌ እሰጥዎታለሁ" አለኝ ልጁ። ስካነሩ ላይ ምሳ ዕቃው ተቀምጧል። እሱን ማን ይረብሻል? ሥዕሉን በስልኩ ቀጭ አደረገው።

በእርግጥ ጊዜ የተረፋቸው ምስኪኖችም አሉ። በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ መሆኑ ነው)፣ በግሬይስኬል፣ ማለትም ከጥቁር እስከ ነጭ ያለውን ግራጫ ሁሉ ይዘው ስካን ያደርጋሉ። አንዲት ኤ4 ወረቀት 4960 በ7016 ፒክስል ትሆንባቸዋለች። ከዚያ ሌቭልስ የሚባለውን የጥቁርና የነጭ ማስተካከያ ይከፍታሉ። የቀኙን መጎተቻ ወረቀቱ እስኪነጣ፣ የግራውን ቀለሙ እስኪጠቁር ቀስ እያሉ ይስባሉ። ቀጭኑ መስመር መሳሳት ሲጀምር ያቆማሉ። የቀረውን ነጠብጣብ አጉልተው በነጭ ብሩሽ አንድ በአንድ ይለቅማሉ፣ ምስር እንደሚለቅም ሰው። ለድመት ጺም ግማሽ ቀን! እንዲህ እየተሠራ አገር ያድጋል?

የኛ ልጅ ግን ትሬሾልድ የሚባል ችሎት አለው። ቁጥሩ በጥቁርና በነጭ መሃል፣ 128 ላይ ቆሟል። ከዚያ የጠቆረ ጥቁር ነው፣ ከዚያ የነጣ ነጭ ነው፣ ይግባኝ የለም። አንዴ ጫን ሲያደርገው ጥላው በሙሉ ሄደ። የድመቷ ጺም ሄደ። ድመቷም ተከተለችው። ከበረንዳው ሁለት ቋሚ እንጨት ቀረ። ወረቀቱ ግን፣ እውነት ለመናገር፣ እንደ ጥምቀት ነጠላ ነጣ።

"አዩት? ቆሻሻው ሁሉ ወጣ።"

"ድመቷስ?"

"የቷ ድመት?"

ምን እላለሁ? የቡናው ክብ ግን በነጻ ተለቀቀ። ዱሮ ቡናማ የነበረው አሁን ድቅድቅ ጥቁር ሆኗል።

ፋይሉን በጄፔግ አድርጎ በቴሌግራም ላከልኝ፣ ያውም በፎቶ። በፋይል ይከብዳላ! ቴሌግራምም የድርሻውን ጨመቅ አደረገው። በሕይወት የተረፉትን መስመሮች ትንኝ የመሰለ ነገር ወረራቸው። ልጁ ያንኑ መልሶ አውርዶ፣ ለጥጦ፣ በኤ3 አተመልኝ። ላሚኔትም አደረገው፣ እንዳይቆሽሽ።

ሳሎን ሰቀልኩት። እሁድ ዕለት የመጣ እንግዳ ፊቱ ቆሞ ብዙ አየውና ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

"ፀሐይዋን እንዴት አድርጎ ነው የሳላት ባክህ!"