ጠመንጃ ልግዛ ወይስ የጠመንጃ መለዋወጫ ልሰብስብ?

ወገን ዛሬ ሳላማርር አልተኛም። የፈለግኩት አንዲት 22 ካሊበር ጠመንጃ ነው፣ ዋጋዋ ኪስ የማያራቁት፣ ሰደፏ እንጨት፣ ማነጣጠሪያዋ አብሯት የተሰራ፣ ሃያ ሰላሳ አመት ብትተኮስ ምንም የማትል። በቃ ይኸው ነው። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፣ ጠመንጃ ከአሳ ማጥመጃና ከድንኳን ጎን ተደርድሮ በሚሸጥበት አገር፣ እና ይቺን አንዲት ነገር ማግኘት ቪዛ ከማግኘት ብሶብኛል።

ገና ሳልጀምር "ምን ሊያደርግልህ ነው፣ ልትዘምት ነው እንዴ" የሚለው ሐበሻ ደግሞ አለ። ኧረ ወንድሜ አልዘምትም! ገጠር ጓደኛዬ መሬት ላይ ጎመን ተክለናል፣ ግራውንድሆግ የሚሉት ወፍራም ጉደኛ ከአጥሩ ስር ጉድጓድ እየማሰ እየገባ ጎመኑን ከነግንዱ ይጨርሰዋል፣ ህጉ ደግሞ በግል መሬት ላይ ዓመቱን ሙሉ እንዲታደን ይፈቅዳል። በዛ ላይ ልጄን ቅዳሜ ቅዳሜ ቆርቆሮ ላይ ኢላማ ላስተምረው ነው። ለዚህ መድፍ አያስፈልገኝም። ጎጃም ያሉት አጎቴ ጥይቷን በቪዲዮ ኮል ሳሳያቸው "ይቺ ደግሞ የቆቅ ናት?" ብለው ሳቁብኝ፣ ከምኒሽር ጋር ላደጉ ሰውማ ታስቃለች፣ ግን ጋሼ ምኒሽር ትከሻ ያወልቃል፣ የአንዱ ጥይት ዋጋ ደግሞ የኔን አንድ ሙሉ እፍኝ ይገዛል።

ለማያውቅ ሰው፣ ይቺ 22 ሎንግ ራይፍል የምትባለው ጥይት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1887 ጀምሮ ያለች ናት። ሪምፋየር የሚሏት መርፌው የቀልሃውን መሀል ሳይሆን ጠርዙን ስለሚመታ ነው፣ እሳት የሚያስነሳው ኬሚካል እዛ ጠርዝ ውስጥ ነው ያለው። ለዛ ነው ርካሽ የሆነችው፣ ለዛም ነው ቀልሃዋ ተመልሶ የማይሞላው፣ ለዛም ነው ርካሽዋን ስትገዛ ኬሚካሉ ጠርዙን እኩል ሳይሞላው ይቀርና ጠቅ ብላ ዝም የምትልህ።

እሺ ወደ ብሶቴ። ማንንም ጠይቁ "ሩገር 10/22 ግዛ" ነው መልሱ። ከ1964 ጀምሮ የሚሰራ፣ ሚሊዮን በሚሊዮን የተሸጠ ጥሩ ጠመንጃ ነው አልክድም፣ አስር ጥይት የምትይዘው ክብ ካዝናውም ግሩም ናት። ችግሩ ሰዎቹ ናቸው። "ግዛው" ብለው ትንፋሽ ሳይወስዱ "ከዛ ምላጩን ቀይረው፣ ፋብሪካ የሰራው ይከብዳል፣ በርሜሉንም ወፍራም አድርግበት፣ ሰደፉን ደግሞ እንዲህ ያለ አለ፣ ስኮፕም (አጉሊ ማነጣጠሪያ) ያስፈልግሃል" ይላሉ። ቆይ ታዲያ ምኑን ነው ግዛ ያላችሁኝ? ሶስት መቶ ዶላር አካባቢ ብዬ የጀመርኩት ሂሳብ ስደምረው ስድስት መቶ አለፈ፣ ከዋናው ጠመንጃ የቀረው የመለያ ቁጥሩ የተጻፈበት የአሉሚኒየም አካሉ ብቻ ነው። ይሄ ርካሽ አይደለም፣ በቁርጥራጭ የሚከፈል ውድ ነው።

10/22 ራሱ ነው የሚቀባበለው፣ በእጅ የሚቀባበለው ይሻላል ብዬ ወደ ሳቬጅ ማርክ ቱ ዞርኩ። ምላጩ ከዋጋው በላይ ነው፣ በጣም ያምራል። ግን መደርደሪያው ላይ ያገኘኋቸው በሙሉ በርሜላቸው ራቁቱን ነው፣ ማነጣጠሪያ የለም፣ ስኮፕ ጨምር። ሻጩን ማነጣጠሪያ ያለው የለም ወይ ስለው "ዛሬ ማን ይጠቀምበታል" ብሎ ፕላስቲክ የሆነ የወታደር መሳሪያ መሳይ 22 አወጣልኝ፣ ልጅህ ይወደዋል እያለ። ሲዜድ 457 አለ፣ የቼኮች ስራ፣ መቀባበያውን ወደኋላ ስትስበው ብቻ ብረት መሆኑ ይገባሃል፣ ዋጋው ግን ከአምስት መቶ በላይ ነው፣ እና እኔ ለጎመን ነው የምገዛው።

የኔ ልብ ያለው ማርሊን ሞዴል 60 ላይ ነው። ከ1960 ጀምሮ፣ ጥይቱ በበርሜሉ ስር ባለው ቱቦ የሚገባ፣ ካዝናው የማይጠፋ ምክንያቱም ካዝና የለውማ፣ ለአመታት ከሁለት መቶ ዶላር በታች አዲሱ የተሸጠ። ከዛ ሬሚንግተን የሚባለው ጠመንጃ ሰሪ ኩባንያ ማርሊንን ገዛ፣ 2020 ላይ ራሱ ሬሚንግተን ከሰረ፣ ሩገር ማርሊንን ወሰደና ውድ ውዶቹን ሌቨሮች (ከምላጩ ጋር ባለ እጀታ የሚቀባበሉትን) መልሶ ማምረት ጀመረ፣ የድሃው ሞዴል 60 እዛው ተረስቶ ቀረ። ይሄ ነው የሚያናድደኝ፣ ለሰው የሚያስፈልገውን ትተው ሰው የሚመኘውን ይሰራሉ።

ስለዚህ ፖውን ሾፕ ለፖውን ሾፕ (እቃ በመያዣ ወስደው ብር የሚያበድሩት፣ አሮጌ እቃም የሚሸጡት ሱቆች) መዞር ሆነ ስራዬ። አሁንማ የመለያ ቁጥሩን አይቼ የተሰራበትን አመት አውቃለሁ፣ የድሮ ማርሊን ላይ የመጀመሪያዎቹን ሁለት አሃዞች ከ100 ትቀንሳለህ፣ 15 ከሆነ 1985 ማለት ነው። ባለፈው አንዱ ሱቅ አንድ የ85 አገኘሁ፣ እንጨቱ ጥሩ፣ ደስ አለኝ፣ ከዛ የጥይት ቱቦውን ስስበው መሀል ላይ ያዘ፣ የውስጡ ናስ ጎብጧል። አፈሙዙን በስልኬ መብራት ሳየው ደግሞ አንድ ወገኑ ተበልቷል፣ ባለቤቱ ለአመታት የማጽጃ ዘንጉን ከፊት እያስገባ ሲፍቅበት ኖሯል፣ 22 በርሜል በጥይት አያልቅም እኮ በጽዳት ነው የሚያልቀው! ዋጋ ስጠይቅ ሁለት መቶ ሃምሳ አለኝ ሳያፍር። ቱቦው ጎብጧል ስለው "ለዛ ነው የቀነስኩት" አለ።

እስቲ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ፣ ደህና አሮጌ ማርሊን ያያችሁበት ሱቅ ካለ ሰፈሩን ጠቁሙኝ። ሱቅ ነው ያልኩት፣ "እኔ ጋር አለ ኢንቦክስ" አትበሉኝ፣ እዚህ ገጽ ላይ ጠመንጃ መሸጥ ክልክል ነው፣ ቨርጂኒያም 2020 ላይ ከግለሰብ ብትገዛ እንኳ ባክግራውንድ ቼክ (የገዢው የወንጀል ታሪክ ማጣራት) ግዴታ የሚያደርግ ህግ አውጥታለች። ቱቦውን ግን ስባችሁ እዩልኝ።